ለወጥ ያልሆነ ቅቤ

ወሬው ከመጀመሩ በፊት ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ዕቃ መጣል አልችልም። እናቴ ፌስታል አጥባ ገመድ ላይ የምታሰጣ ሴት ናት፤ እኔም ሚኒሶታ ድረስ መጥቼ ያው የእሷ ልጅ ነኝ። መሳቢያዬን ብትከፍቱት የሞቱ ስልኮች ቻርጀር፣ ጓደኛው የጠፋበት የግራ እጅ ጓንት፣ ክዳን የሌለው እስክሪብቶና እስክሪብቶ የሌለው ክዳን ታገኛላችሁ። ሁለቱ አይገጥሙም፤ ሞክሬያለሁ። ይህን የምነግራችሁ ከዚህ በታች የማወራው ጉድ ሁሉ ከሌላ ሱስ ሳይሆን ከዚህኛው ሱስ የመጣ መሆኑን እንድታውቁልኝ ነው።

የምኖረው ከአክስቴ ከአስካለ ጋር ነበር። አስካለ የአባቴ እህት ናት። ጴንጤ ናት፣ እሑድን ሙሉ ቸርች ናት፣ ቀሪውን ሳምንት ደግሞ እየዘመረች ትሠራለች። ፎርሙን ሞልታ፣ ዶክመንቱን ተከታትላ እኔን ያስመጣችኝ እሷ ናት። በገባሁ በመጀመሪያው ቀን አልጋዬን አሳየችኝና አንድ ሕግ ብቻ ነገረችኝ። «ሲጋራ የሸተተኝ ቀን ሻንጣሽን በረዶው ላይ ፈልጊው» አለች። ስለ ሌላ ነገር አላነሳችም። ሌላ ነገር መኖሩንም የምታውቅ አልመሰለኝም።

አስካለ አሥራ አንድ ዓመት ብሉሚንግተን ያለ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ አጥፋለች። ወገቧ አልቋል። ስትቀመጥ «ጌታ ሆይ» ትላለች፣ ስትነሳ «ኧረ ጌታ ሆይ» ትላለች፤ ዓይኔን ጨፍኜም ቢሆን ተቀምጣ ይሁን ቆማ በዚህ አውቃለሁ። በዚያ ክረምት ነው እንግዲህ ፕሊማውዝ ያለ አንድ ፋብሪካ ለኢንተርቪው የጠራት። ለልብ ሕመምተኛ የሚሆን ፀጉር የሚያህል ቱቦ የሚገጣጥሙበት ፋብሪካ ነው፤ ሥራው ተቀምጦ ነው። ስትመለስ ስለ ሥራው አንድም ነገር አልነገረችኝም። ያወራችው ስለ ወንበሩ ነው።

«ጎማ አለው» አለችኝ። «ጀርባው ከፍ ዝቅ ይላል። ክንድ ማሳረፊያ አለው። ሴትየዋ እስቲ ተቀመጪበት አለችኝ፣ ተቀመጥኩ፣ መነሳት አስጠላኝ።»

ለዚያ ወንበር ሁለት ሳምንት ጸለየች። ኦፈሩ መጣ። የቀረው አርብ ጠዋት ሄዶ የድራግ ቴስት መስጠት ብቻ ነበር። አስካለ ይህን ስትሰማ ሳቀች። «እኔን? ቢራ እንኳ ቀምሼ የማላውቀውን? ይመርምሩኛ።»

አሁን ወደ ዳረል እንምጣ። ቤታችን የእንጨት ቤት ነው፤ እኛ ታች፣ ዳረል ላይ። ግዙፍ ሰው ነው። ጺሙ ደረቱ ላይ ደርሷል፣ አናቱ ላይ ግን አንድም ፀጉር የለም፤ ሲበቅል አቅጣጫ የተሳሳተ ይመስላል። የልብስ መስቀያ ክሎዜቱ ውስጥ በአምፖል ሐሺሽ ያበቅላል። ይህን ያወቅሁት በብርዱ መኪናው አልነሳ እያለች በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ከእኛ መኪና ባትሪ ጃምፕ ስላደረግሁለት ነው። በሦስተኛው ቀን ጓንቱን አውልቆ በፎይል የተጠቀለለ ነገር መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

እዚህ ላይ ማብራሪያ ያስፈልጋል። እኛ ቅጠሉንም፣ ጭሱንም፣ አጫሹንም በጅምላ ሐሺሽ ብለን እንገላገላለን። እነ ዳረል ግን ሀሽ የሚሉት ከቅጠሉ ላይ ዱቄቱን አራግፈው የሚጠፈጥፉትን ነው። ጥሩው እንደ ሰም ይለሰልሳል አሉ። የዳረል የራሱ የእጅ ሥራ ነው፤ በወጥ ቤት ወንፊት። ቅጠሉም ገብቶበታል፣ አቧራውም ገብቶበታል፣ ጺሙም ሳይገባበት አይቀርም። ስትነኩት እንደ ደረቀ ኩበት ይፈረፈራል። ዳረልም ያውቀዋል፤ ውጤት የመጣለት ሰነፍ ተማሪ አባት ይመስል አንገቱን ደፍቶ «አንደኛ ደረጃ እንኳ አይደለም» አለኝ።

ሞከርኩት፤ አልዋሻችሁም። አስካለ ሥራ ላይ እያለች ኋላ በር ቆሜ አፍንጫዬ እስኪደነዝዝ ሞከርኩት። ተንጣጣ፣ የተቃጠለ ምንጣፍ ሸተተ፣ ጠፋ። ከሳል በቀር ያተረፍኩት የለም። ሌላ ሰው ቢሆን ይጥለዋል። እኔ ፎይሉን መልሼ ጠቅልዬ ወደ ላይ ወጣሁና ለዳረል ነገርኩት።

«አይ፣ እሱ አይጨስም» አለኝ። «ደካማው ለምግብ ነው የሚሆነው። ቅባት ይወዳል። ቅቤ ላይ ቀስ ብለሽ አብስይና በጨርቅ አጥልይው።»

ለማን ነው የሚነግረው? ቅጠል ከቅቤ ጋር ቀስ አድርጎ አብስሎ በጨርቅ ማጥለል ለእኛ ነው የሚነገረን?

እሑድ አስካለ ቸርች ስትሄድ ድስት ጣድኩ። ችግሩ ሽታው ነበር። ሽታውን ለመደበቅ ኮሰረት ጨመርኩ። ኮሰረት ገብቶ ኮረሪማ ከቀረ ያስቀይማል፤ ኮረሪማ ጨመርኩ። በሶብላ ጨመርኩ። ነጭ ሽንኩርት ላጥኩ። እጄ አላቆም አለ። እንድትረዱኝ፣ እኔ በዕድሜዬ ወጥ ሠርቼ ተመስግኜ አላውቅም፤ አስካለ «ያንቺ ወጥ የሆስፒታል ምግብ ያስናፍቀኛል» ነው የምትለኝ። ያ ቅቤ ሲነጥር ግን ቤቱ በሙሉ የሠርግ ቤት ሸተተ። ምን ልሠራ እንደተነሳሁ ረሳሁት። ለመደበቂያ የገባው ቅመም ዋናው ሥራ ሆኖ፣ ሐሺሹ እንደ አንድ ተጨማሪ ቅመም ተቆጠረ። ደስ እያለኝ አጠለልኩት፤ ባዶ የአይስክሬም ዕቃ ውስጥ ገልብጬ ፍሪዘር ውስጥ ከዶሮው ኋላ ደበቅሁት።

ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው። የአይስክሬም ዕቃ በፈረንጅ ቤት ጥሩ መደበቂያ ይሆን ይሆናል። በሐበሻ ቤት ግን የአይስክሬም ዕቃ ውስጥ አይስክሬም ኖሮ አያውቅም። በርበሬ ነው፣ ሽሮ ነው፣ ቅቤ ነው። የማያውቀውን የአይስክሬም ዕቃ አይቶ ሳይከፍት የሚያልፍ ሐበሻ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሰኞ የዕረፍት ቀኔ ነበር። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዳቦ ላይ ቀብቼ በላሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም የለም። ይሄም አልረባም ብዬ የታጠበ ልብስ ላጥፍ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሥራዬ ትልቁ ሞል ውስጥ ካልሲ መሸጥ ነው፤ ቤት ግን አንድ ዓይነት ሁለት ካልሲ አድርጌ አላውቅም። ቀና ስል የቤቱ ካልሲ በሙሉ፣ የአስካለም ጭምር፣ ጥንድ ጥንዱ ተገኝቶ ከነጭ እስከ ጥቁር በቀለም ተደርድሯል። አስካለ ከሥራ ገብታ አየችውና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «ጌታ ነክቶሻል» አለችኝ። እንግዲህ ይሠራል ማለት ነው። የረባ ነገር ወጣው ብዬ ለክፉ ቀን አቆየሁት።

ክፉው ቀን ረቡዕ መጣ። ከሥራ ስገባ የአይስክሬሙ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ክዳኑ አጠገቡ ነው። ቅቤው መሃል ቡጢ የሚያህል ጉድጓድ ተቆፍሯል። አስካለ ክረምት ክረምት እንደምታደርገው ሻሿን ጠምጥማ ሶፋው ላይ ናት።

«አክስቴ፣ ይሄ ቅቤ…»

አላየችኝም። ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረችና ለምድጃው ነገረችው። «ሰው ከአገር ቤት ቅቤ ይላክለታል። ከዶሮ ኋላ ይደብቀዋል። ያስመጣችውን አክስቱን ሰርቃ ትበላብኛለች ብሎ ይፈራታል።»

ተኮረፍኩ። የአስካለን ኩርፊያ ያላየ ኩርፊያ አላየም። ከኳየር ጓደኛዋ ጋር ተኳርፋ ሁለት ዓመት በአንድ መኪና ሥራ ሲመላለሱ አንድ ቃል አልተለዋወጡም፤ የሚያወሩት ለራዲዮው ነበር። አስካለ ስታኮርፍ ሰው አታናግርም፤ ዕቃ ግን ታናግራለች።

«በልተሽዋል ወይ?» አልኳት።

«ደግሞ በላሽ ወይ ትባላለች» አለችው ምድጃውን። «ይቆጠርባታል።»

እዚያው ቆሜ አሰብኩ። ሁለት ምርጫ አለኝ። ወይ ከአክስቷ ቅቤ የደበቀች ስስታም ነኝ፣ ወይ በአክስቷ ድስት ሐሺሽ የቀቀለች ጉድ ነኝ። ለጊዜው ስስቱን መረጥኩ። «ይቅርታ፣ ከእናቴ ነው የተላከው፣ ልነግርሽ ነበር» ብዬ ዋሸሁ። ይሄ ነገሩን አባሰው፤ አሁን እናቴም ተጨመረችበት።

በላችው ብዬ የደመደምኩት እንዲሁ አይደለም። ነጥሮ፣ ኮሰረት ገብቶበት፣ ነጭ ሽንኩርት የጠጣ ቅቤ ከድስት ሌላ የሚሄድበት አገር የለውም። ደግሞ ምልክቶቹን አየሁ። እራት ላይ ሁለት እንጀራ በላች። የአየር ትንበያ አይታ ሳቀች። ዜናው ሳያልቅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣላት። እርግጥ ሁልጊዜም ሁለት እንጀራ ነው የምትበላው፤ የዚያን ሳምንት ትንበያም የሚያስቅ ብርድ ነበር፤ ከንጋቱ አሥር ሰዓት የተነሳ ሰውም ሶፋ ላይ ይተኛል። እኔ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አስካለን ቁጭ ብዬ አይቻት አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ወደ ዳረል ወጣሁ።

«ሰውነት ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል?» አልኩት።

«ያንቺ?»

«የአክስቴ።»

ዳረል ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «የምትዘምረዋ?»

«የምትዘምረዋ።»

እንደ ሐኪም ጺሙን አሻሸ። «ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ጥቂት ቀን ነው። ወፍራም ከሆነች ግን ይቆያል። ቅባት ይወዳል ብዬሽ የለ።» ሁለታችንም ወለሉን አየን። ከወለሉ በታች አስካለ እየዘመረች ነው። «ሞላ ትላለች» አልኩት። ተነስቶ ከፍሪጁ አንድ ትልቅ ጠርሙስ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር አወጣና ውሃው ያጥባል፣ አጠጫት ብሎ ሰጠኝ። ሐሺሹን የሠራው እሱ፣ መድኃኒቱን የሚያዘውም እሱ። እኔም ተቀብዬ ወረድኩ።

ጠርሙሱን ፊቷ አስቀመጥኩት። አስካለ ለጨው ዕቃው «ስስታም ሲፀፀት ኪያር ይገዛል» አለችው። ውሃ ቀዳሁላት፤ መስኮቱ ላይ ላለው ተክል አጠጣችው። ደግሜ ቀዳሁላት፤ ለተክሉ ደገመችለት። ያ ተክል ክረምቱን በሙሉ ሊሞት ሲል ነበር የከረመው፤ በእኔ ጭንቀት ቅጠል አወጣ።

በሥራ እረፍቴ ምርመራው ወደሚሰጥበት የፕሊማውዝ ክሊኒክ ደወልኩ፤ አስካለን ሆኜ።

«ቀጠሮዬን ለሌላ ሳምንት ማዛወር ፈልጌ ነበር።»

«የልደት ቀንሽ?»

«ጃንዋሪ አንድ» አልኩ፣ ሳላቅማማ። የልደት ወረቀት ሳንይዝ ስለመጣን ፎርም ላይ የሁላችንም ልደት ጃንዋሪ አንድ ነው። ሴትየዋ ጽፋ ጽፋ፣ አርብ ካልተገኘሽ ኩባንያው ኦፈሩን ይሰርዘዋል አለችኝ። አመስግኜ ዘጋሁ። ብትሄድ ወንበሩ ይቀራል፣ ብትቀርም ወንበሩ ይቀራል። አመሻሹ ላይ አስካለ ለአርብ የምትለብሰውን ሹራብ ስትተኩስ ኮሪደር ላይ ቆሜ አየኋት። እየተኮሰች ወገቧን በአንድ እጇ ይዛለች።

አርብ ጠዋት ድራይቭ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ አስካለ ሃይዌይ ላይ አትነዳም። በሻሿ ላይ የሱፍ ኮፍያ ደርባ አጠገቤ ተቀመጠች። አሁንም አኩርፋለች። «ይቺ መኪና ማሞቂያዋን ብትጨምርልኝ» አለቻት ለመኪናዋ። ጨመርኩ። ሙቀቱ ሲመጣ መኪናው ኮሰረት ኮሰረት አለኝ፤ ይሄ ሕሊናዬ ነው ብዬ አለፍኩት።

የፕሊማውዙ ኤግዚት ሲመጣ አለፍኩት። ዞሬ ተመለስኩ፤ በዚያኛውም በኩል አለፍኩት። እንደገና ዞርኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሳልፈው አስካለ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ወዴት ነው የምትወስጂኝ?»

ለእኔ ነው። ለመኪናዋ አይደለም። ከሁለት ቀን በኋላ የመጀመሪያዋ ቃል ናት፤ ለዚያች ቃል ደግሞ ውሸት መመለስ አልሆነልኝም። በቀጣዩ ኤግዚት ወጥቼ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ቆምኩ።

«አክስቴ፣ ቅቤው ከአገር ቤት አይደለም።»

«እና ከየት ነው?»

«እኔ ነኝ ያነጠርኩት።»

ትንሽ አየችኝ። «እሱን እንኳ ጠርጥሬ ነበር» አለች።

«ሐሺሽ አለበት።»

ከፊታችን ነዳጅ የሚቀዳው ሰውዬ ጨርሶ ሄደ። ሌላ መጣ። እሱም ቀድቶ ጨረሰ።

«ዳረል ነው የሰጠኝ። የረባም አይደለም፤ ግን ምርመራ ላይ ይወጣል። አንቺ ደግሞ በልተሽዋል። ወንበርሽን እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሻንጣዬን ራሴ አወጣዋለሁ፣ አትቸገሪ።»

አስካለ ኮፍያዋን አወለቀች። ከዚያ ሻሿን መፍታት ጀመረች፤ ዙር በዙር። ፀጉሯ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ ተለጥፎ ያብለጨልጫል። ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል። የሠርግ ቤቱ ሽታ መኪናውን ሞላው።

«እኔ ያንን እበላለሁ?» አለችኝ። «አሯል እኮ። ኮረሪማውን ከነቅርፊቱ ነው የዶልሽው። ጫፉን ቀምሼ ወዲያው ተፋሁት፤ ለወጥ አይሆንም። እንዳልጥለው ደግሞ ቅቤ ነው። ራሴን ሲበላኝ ከርሟል፣ ቀባሁት።»

የተሰማኝን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። መጀመሪያ ትንፋሼ ተመለሰ። ወዲያው ደግሞ ቅር አለኝ። በሕይወቴ የተሳካልኝ አንድ ቅቤ እሱ ነበር።

«ሽታው ግን ጥሩ ነበር» አልኩ።

«ሽታውማ» አለች፣ ሻሿን መልሳ እየጠመጠመች። «ስለ ሻንጣሽ በኋላ እናወራለን። አሁን ንጂ፣ ረፍዷል።»

እንግዲህ ተረፍን ብላችሁ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ ስሟ ተጠርቶ ስንገባ አንዲት ወጣት ልጅ ትሪ ይዛ መጣች። ትሪው ላይ የሽንት ኩባያ የለም። ትንሽ መቀስ አለ።

«ይሄ ኩባንያ ናሙና የሚወስደው ከፀጉር ነው» አለች። «ኮፍያሽን ታወልቂልኝ?»

አስካለ አየችኝ። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን የሳንባ ሥዕል አየሁ። አስካለ ኮፍያውን አወለቀች፣ ሻሹን ፈታች። ልጅቷ መቀሱን እንደያዘች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ማም፣ ፀጉርሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

አስካለ መዋሸት አትችልም። አንሶላ ውስጥ የተረሳ የእንግዳ ሰው ሠራሽ ጥርስ አግኝታ ሪሴፕሽን ድረስ ሮጣ ባለቤቱን ያገኘች ሴት ናት።

«በተር» አለች።

«በተር?»

«በተር። ዊዝ ጋርሊክ።»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «ባህል ነው» አልኳት፤ ሌላ ምን ልበል። ኃላፊዋን ጠራች። ሰውየው ወፍራም ማኅደር ይዞ መጣ፤ ገልጦ ገልጦ አነበበ። ቀለም የተቀባ ፀጉር አለ፣ ዊግ አለ፣ ጄል አለ፣ ዘይት አለ። ቅቤ የለም። ጎንበስ ብሎ የአስካለን አናት አሸተተ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ረሃብ አየሁበት። ማኅደሩን ዘጋና ልጅቷን «ኩባያ ስጫት» አላት።

አስካለ ኩባያውን ተቀብላ ቀጥ ብላ ሄደች። አሥራ አንድ ዓመት ወገቧን ያመማት ሰው አትመስልም ነበር።

ስንመለስ ብዙ ከነዳሁ በኋላ ጠየቅኋት። «ቅቤው ውስጥ ምን አለ ብለው ቢጠይቁሽስ?»

«እነግራቸው ነበር።»

«እኔንስ?»

«አንቺንም እነግራቸው ነበር። ስምሽን ስፔል አድርጌ።»

ቤት ስንገባ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ በሩ ሥር አቆምኩት። አስካለ በአጠገቡ አልፋ ገባች፣ በአጠገቡ አልፋ ወጣች። በማግስቱ ጠዋት ላዩ ላይ የሚታጠብ ልብስ የተሞላ ቅርጫት አስቀምጣበት አገኘሁ። በሳምንቱ ሥራ ጀምሪ ብለው ከፋብሪካው ደወሉ። ስልኩን ዘግታ አንድ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ «ጌታ ሆይ» አላለችም።

የዚያኑ ቅዳሜ ጠራችኝ። «ነይ፣ እዚህ ወለሉ ላይ ቁጭ በይ።»

ጉልበቶቿ መሃል ተቀመጥኩ። የአይስክሬሙ ዕቃ ክዳን ሲከፈት ሰማሁ።

«አልጣልሽውም?» አልኳት።

«ሐሺሹ ያንቺ ኃጢአት ነው፤ ስለ እሱ ጸልየናል። ቅቤው ምን አጠፋ?»

ከምሬት ይሁን ከምሕረት ባላውቅም ቅዳሜ ቅዳሜ አናቴን ታሸኝ ጀመር፤ ጆሮዬን ጨምራ፣ በዚያ አንሶላ ባጠነከረው እጇ። ፀጉሬ ለሰለሰ፤ ይህን አልክድም። በተረፈው ግን ሞል ውስጥ ነጭ ሽንኩርት እየሸተትኩ ካልሲ ሸጥኩ። አንዲት አሮጊት ጠጋ ብላ አሸተተችኝና ምግብ ቤቶቹ በየት በኩል እንደሆኑ ጠየቀችኝ። ዳረል ደረጃው ላይ አግኝቶኝ ሀሹ እንዴት ሆነልሽ ቢለኝ ለፀጉር ነው የሚሆነው አልኩት። ሳይስቅ ራሰ በራውን ዳሰሰ።

ዕቃው ያለቀው በረዶው ሲቀልጥ ነው። በመጨረሻው ቅዳሜ አስካለ ከፋብሪካ የተማረችውን ጥንቃቄ በሙሉ ተጠቅማ የዕቃውን ጥግ ጥጉን በጣቷ ጠረገች፣ ጣቷን አናቴ ላይ ጠረገች፣ ዕቃውን ለሽሮ እንዲሆን አጥቢው ብላ ሰጠችኝ። ከጉልበቷ መሃል ልነሳ ስል ትከሻዬን ጫን አደረገችኝ።

«ሁለተኛ ቅቤ ስታነጥሪ» አለችኝ፣ «እሳቱን ቀነስ አድርጊው።»